ጌጁን የማያምኑት ጋሽ እምሩ

እሺ፣ እሺ፣ ጭብጨባው ይበቃል፤ ገና ምንም አልተናገርኩም። ማይኩ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። ጋሽ እምሩ፣ እርስዎ ደግሞ እባክዎ ያንን ስጦታ ጆሮዎ ሥር አድርገው መነቅነቅዎን ይተዉ። ጋቢ ነው። ይኸው ነገርኩዎት፣ ጋቢ ነው። "ጋቢ ከሆነ ለምን ከበደ?" አሉኝ አሁን። ሰማችሁ? በገዛ የጡረታ ሽኝታቸው ቀን!

ለማታውቁኝ፣ ሲሞን እባላለሁ፤ የዚህ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነኝ። ጋሽ እምሩ የጋራዣችን መካኒክ ናቸው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቄያቸዋለሁ፣ እሳቸውም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጥረውኛል።

የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። በር ላይ የነበረው ያው ግደይ ነው። ግደይ፣ እስቲ ተነስ ይዩህ። ግደይ እንደ ደንቡ "ጋሼ፣ መታወቂያ ያሳዩኝ" አላቸው። "አንተ ማነህ?" "የበር ጥበቃ ነኝ።" "መሆንህን በምን አውቃለሁ? በል ያንተን አስቀድም።" ይሄ ምስኪን ደግሞ የዚያን ዕለት መታወቂያውን ቤቱ ረስቶት መጥቷል። እንግዲህ አስቡት፤ ገና ሥራ ያልጀመሩ ሰውዬ ጥበቃውን "መታወቂያ ሳትይዝ እዚህ በር ላይ አትቆምም" ብለው ከገዛ በሩ አስወጡት! ከዚያ ቀን ወዲህ ግደይ መታወቂያውን ሳይዝ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም።

እኔ የደረስኩት ይሄ ክርክር እንዳለቀ ነው። አራት ኪሎ ደብዳቤ አድርሼ ስመለስ፣ አንድ የማላውቃቸው ሰው መጡና መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ። እኔ መኪናውን የሚባርኩት መስሎኝ ነበር።

"ከየት ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"ከአራት ኪሎ።"

"ከአራት ኪሎ እዚህ ድረስ እንዲህ አያሞቅም። ይሄ ጭነት ይዞ ዳገት የወጣ ሞተር ነው።"

"መንገዱ ተዘጋግቶ ነው፣ ጌታዬ።"

ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አሸተቱ። "አራት ኪሎ ላይ ሽንኩርት መሸጥ ተጀመረ?"

ያኔ አትክልት ተራ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነበር፤ በመንግሥት መኪና አንድ ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ ነበር የመጣሁት። ያው የሰፈር ሰው ተካፍለን ነው፤ አትፍረዱብኝ። በመጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያዙኝ። እኛ ሾፌሮች መቼም ብልጥ ነን አይደል፣ በማግስቱ መላ መታን፤ ከግቢው ከመግባታችን በፊት ኮፈኑ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ መድፋት ጀመርን። ጋሽ እምሩም መጡ፣ ነኩት፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "የዛሬው ዝናብ ያንተን መኪና ብቻ ነው የመታው?"

ስለ ኩላንቱ ደግሞ አዳነች ትመስክር። አዳነች የዚህ የግቢያችን ካፌ ባለቤት ናት፤ ዛሬ የበላነውም የእሷ እጅ ነው። ኩላንት ማለት ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ባለ ቀለም ፈሳሽ ነው፤ ሞተሩ እንዳይፈላና እንዳይዝግ የሚያደርግ። ገበያው ውስጥ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ በኩላንት ስም ይሸጣል። ጋሽ እምሩ ስለማያምኑ፣ ከተገዛው ላይ በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው፣ ጠርሙሱን በሦስት ፌስታል ቋጥረው፣ "መርዝ ነው፣ አትንኩ" የሚል ጽፈውበት የአዳነች ፍሪዘር ውስጥ ከተቱት። አዳነች በማግስቱ ከፍታ ያንን ስታነብ የጮኸችውን ጩኸት ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ያለ ሰው ሳይሰማው አይቀርም።

እሳቸው እየሮጡ መጥተው የጠየቋት ምን መሰላችሁ? "ጩኸቱን ተይውና በረዶ ሆኗል ወይ?"

"አዎ፣ ድንጋይ ሆኗል!"

"እንግዲያው ውሃ ነው። ትክክለኛው አይረጋም።" የተገዛውን ሁለት ጀሪካን ተሸክመው ወደ ሻጩ ሄዱ። ሻጩ "ጋሼ፣ እኔ ራሴ ተታልዬ ነው" ብሎ ማለላቸው። "መሐላህንም ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ባየሁት" አሉት።

ሰው ብቻ አይደለም የሚጠረጥሩት። የሞተሩን ሙቀት የምታሳየዋን ጌጅም አያምኗትም። አዲስ ሾፌር በተቀጠረ ቁጥር አጠገቡ ተቀምጠው መርፌዋን እያሳዩ "ይቺን ሴትዮ አታምናት" ይላሉ። "ውሃ ሲኖር እውነት ትናገራለች። ውሃው ካለቀ ግን የምትለካው ባዶ ነውና ድንገት ወደ ታች ትወርዳለች። አንተ 'በረደ' ብለህ ደስ ይልሃል፤ ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው። መርፌዋ ስትወጣ ፍራ፣ በድንገት ስትወርድ ግን አቁም!" ሲቀጥሉም "ሞተር ግሎ እያለ የራዲያተር ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን የጠላ ሰው ነው" ይላሉ። እኔ አንድ ቀን ልከፍት ስል እጄን በመፍቻ መትተውኛል። በመፍቻ! እጄ አብጦ ሰነበተ፣ ፊቴ ግን ይኸው አለ፤ ቆንጆነቱን እናንተ ፍረዱ።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ክሩ። ማታ መኪኖቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ፣ በየራዲያተሩ ክዳን ላይ አንዳንድ ቀጭን ክር ያስራሉ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ማየት አለበት፤ ሲከፍተው ክሩ ይበጠሳል። ክሩ እንደታሰረ ከተገኘ ሾፌሩ አልከፈተም ማለት ነው፤ መኪናውም ከግቢ አይወጣም። ስናጉረመርም የሚመልሱልን አንድ ተረት ነው፤ "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።" እውነቴን ነው፣ በእነዚያ ዓመታት አንዳንድ ቀን እጠላቸው ነበር። ሰው እንዴት በየማለዳው ሌባ እንደሆነ ሁሉ ይፈተሻል?

አሁን ሳቁን ገታ አድርጉልኝ። አንድ የምናገረው ነገር አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ግን እስካሁን ከውሃ በቀር አልቀመስኩም፣ አዳነች ምስክሬ ናት።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሠራተኛ የምታመላልሰው ሰርቪስ ሞተሯ የተቃጠለበትን ቀን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ውስጧ ነበራችሁ። ጠዋት ሠራተኛ ጭኜ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስይዝ መርፌዋ ወጣች። ዳገቱ መሀል ስንደርስ ድንገት ወረደች። ያን ሁሉ ዓመት የተነገረኝ ሰውዬ ምን አልኩ? "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በረደች" አልኩ። አዳነችም አብራን ትሳፈር ነበርና የፊት ወንበር ላይ ሆና ሰምታኛለች። ፒያሳ ሳንደርስ ሞተሩ አለቀ። እናንተ በእግራችሁ ወጣችሁ፣ ሰርቪሷ ተጎትታ ገባች፣ ዳግመኛም አልተነሳችም።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ "ጥፋተኛው ማነው?" ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። የስንብት ደብዳቤዬ ተረቅቆ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ልጄ ሐሴት የሦስት ወር ሕፃን ነበረች፤ ከዚህ ደሞዝ ሌላ ቤታችን የሚገባ ነገር አልነበረም። ተነስቼ፣ "ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ አይቻለሁ፣ ውሃው ሙሉ ነበር። ካላመናችሁኝ ክሩን እዩት፣ ተበጥሷል" አልኩ። የእሳቸውን ክር ለራሴ ምስክር አቆምኩት።

ጋሽ እምሩ ያኔ የጋራዡ ኃላፊ ነበሩ፤ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ። ያንን አስተያየት ታውቁታላችሁ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ተነሱና፣ "የዚህችን መኪና ቴርሞስታት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማውጣት አልነበረብኝም። ጻፉት" አሉ።

ቴርሞስታት ለማታውቁት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዛ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የምትለቅ ትንሽ በር ናት። እዚህ አገር ስንት መካኒክ ነው፣ መኪና ሞቀ በተባለ ቁጥር እሷን አውጥቶ የሚጥላት! "ለአዲስ አበባ አየር ምን ትሠራለች? ውሃው እንደልቡ ይሂድ" ይባላል። ጋሽ እምሩም እንደ ሰው ሁሉ አወጧት። ሰርቪሷ ከተቃጠለች በኋላ ግን ሦስት ቀን የሞተሩን መጽሐፍ ይዘው ተቀመጡ። በዚያ ሞተር እሷ ከሌለች ውሃው በከፊል ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው ጉዱ። ማንም አልጠረጠራቸውም ነበር። ራሳቸውን የጠረጠሩት ራሳቸው ናቸው።

ከኃላፊነታቸው ተነሱ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ማህደራቸው ውስጥ ገባ። ትናንት ሥራ ያስተማሩት ልጅ አለቃቸው ሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት "እሺ ጌታዬ" እያሉ ሠሩ። በዚያው ሳምንት ለሌሎቹ መኪኖች ሁሉ አዲስ ቴርሞስታት አስገዝተው፣ አንድ በአንድ በአዳነች ድስት ውስጥ እየቀቀሉ፣ ውሃው ሲፈላ ይከፈት እንደሆነ አዩ። አዳነች "ምን እየሠሩ ነው?" ስትላቸው "እየጠረጠርኩ ነው" አሏት። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ግቢ የወጣ አንድም መኪና ፈልቶ አያውቅም። ማንም ሠራተኛ መንገድ ላይ አልቀረም፣ ማንም ሾፌር አልተቃጠለም። ስለዚህ ሁሉ እናመሰግንዎታለን፤ እኔም ቤቴ ያለው እንጀራ ከእርስዎ የመጣ መሆኑን ከሐሴት ጋር አውቀዋለሁ።

ግን አልጨረስኩም። ጋሽ እምሩ፣ ያን ቀን ክዳኑን አልከፈትኩትም።

አልከፈትኩትም። ክሩን በጣቴ በጠስኩትና ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ውሃው ጎድሎ ይሁን ሞልቶ አላየሁም። ለኮሚቴው ዋሸሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው "ደህና አደርክ፣ ሲሞን፣ ከፈትከው?" ሲሉኝ፣ ያውቁ ይሆን አያውቁ እያልኩ እኔም እርስዎን ስጠረጥር ኖርኩ። አንዳንዴ "አውቀው ቀን እየጠበቁልኝ ነው" እል ነበር።

እ? ምን አሉ? አንዴ ዝም በሉልኝ እስቲ፣ ልስማቸው።

"አውቃለሁ" ነው የሚሉት። በምን አወቁ? ... ሰማችሁ? "ክሩንም አላምነውም ነበር፣ በመስኮት እመለከት ነበር" አሉ። በመስኮት አይተውኛል! ክዳኑን ሳልነካ ክሩን ስበጥሰው ቆመው አይተውኛል!

ታዲያ ለምን አልተናገሩም፣ ጋሽ እምሩ? ... በሉ ማይኩን ይያዙት። አይ፣ አይይዙም፣ ይጠረጥሩታል። እኔው ልድገመው። "ኮሚቴው ጥፋተኛው ማነው አለ እንጂ ስንት ናቸው ብሎ አልጠየቀም" አሉ። ... "የራሴን ተናገርኩ። ያንተን መናገር ያንተ ነበር። ጠበቅኩህ" አሉ።

ይቅርታ። አንዴ ውሃ ስጡኝ።

ወይዘሮ ለተክርስቶስ፣ የሰው ሀብት ኃላፊያችን እዚህ አሉ። ይሄ ፖስታ ለእርስዎ ነው። አሁን የተናገርኩት ሁሉ በጽሑፍ፣ በፊርማዬ አለበት። የጋሽ እምሩ ማህደር ሰኞ ተዘግቶ መዝገብ ቤት ይገባል ሲባል ሰማሁ። ያ ማስጠንቀቂያ ሙሉውን ጥፋት የእሳቸው አድርጎ ብቻውን አብሯቸው እንዳይሄድ ነው። ከአጠገቡ ይሄም ይያያዝልኝ፤ የእኔም ማህደር ውስጥ ግልባጩ ይግባ። "ይሄ ምን እንደሚያስከትልብህ ታውቃለህ?" ይሉኛል። አውቃለሁ፣ እሜቴ። ይቀበሉኝ።

ይኸው፣ ተቀበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ አሁን ሁላችሁም ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ተነሱ፤ ግደይ፣ አንተም። ጋሽ እምሩ፣ እርስዎ አይነሱ፣ ዛሬ ለእርስዎ የምንቆመው እኛ ነን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎ አይክዳዎት፣ ዓይንዎ አይድከም። የልጅ ልጅዎን ሠርግ ይብሉ፤ ወጡንም እንደፈለጉ ይጠርጥሩት። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ጥፋተኞች ነበርን፤ አንዱ ጥፋቱን ለመናገር አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። ይሄ ጽዋ ግን በዚያው ቀን ተነስቶ ለተናገረው ነው። ጋሽ እምሩ፣ ለጤናዎ!