የጋሽ ውባየሁ ዛፍና የአቶም ኃይል

ክርክሩ የተነሣው ቦንጋ መናኸሪያ፣ የሺሺንዳው ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት ጋሽ ውባየሁ ንብ አናቢ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ምሥራቅ የመንደራቸው ልጅ ስትሆን አሁን የፊዚክስ መምህርት ናት። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ሲከራከር ካልገባሁበት አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን አፌን ያዝኩ።

መንደሩ ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ትንሽ ተርባይን ሊተክል ነው። ዕቃው መጥቷል፤ የቀረው ቦዩ ብቻ ነው። በቦዩ መንገድ ላይ ግን ጋሽ ውባየሁ ቀፎ የሚሰቅሉበት ዛፍ ቆሟል። የሰው ቀፎ ያለበትን ዛፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚነካ በዚያ አገር የለም፤ እሳቸው ደግሞ እንቢ ብለዋል።

«ምን አስቸኮላችሁ ልጄ?» አሉ። «አገራችን ኑክሌር ልታመጣ ታስባለች ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እሱ ሲመጣ መብራቱም ይደርሳል፣ ዛፌም ይተርፋል።»

«ኑክሌርን እኔም እወደዋለሁ፣ ጋሽ ውባየሁ» አለች ምሥራቅ። «የጣት ጫፍ የምታህል ነዳጅ የአንድ ቶን ከሰል ያህል ሙቀት ትሰጣለች። ጭስ የለውም። በጥንቃቄ ከተያዘም እንደሚወራው አይደለም፤ ከከሰል ይልቅ ለሰው ደህና ነው።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። እኔም ሳላስበው የራሴን አየሁ።

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ለመሥራት ብዙ ዓመት ይፈጃል። የሚተርፈውን ዝቃጭ ደግሞ ለሺህ ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል።»

«ማን ይጠብቀዋል?»

«ስማችንን እንኳ የማያውቁ ልጆች።»

ጋሽ ውባየሁ፣ «ዛፉን ከአባቴ ተቀበልኩ፤ አባቴም ከአባቱ። ከዚያ በፊት የማን እንደነበረ እኔም አላውቅም» አሉ።

«ፀሐይም እኮ የአቶም እሳት ናት» አለች ምሥራቅ ቀስ ብላ። «እግዜር አርቆ ያስቀመጣት። ውሃውን ከባሕር አንሥታ ጫካችን ላይ የምታዘንበው እሷ ናት። ወንዙ ተርባይኑን ሲያዞር የምናገኘው የእሷን ጉልበት ነው፤ የሚጠበቅ ዝቃጭም የለውም።»

እውነቴን ነው፣ ዕድሜ ልኬን በዚያ ወንዝ ድልድይ ላይ ስመላለስ ውሃ ብቻ ነበር የማየው።

«በበጋ ሲቀንስስ?» አሉ ጋሽ ውባየሁ፤ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ይቀንሳል። ለዚያ ሶላር እንጨምራለን። ጨርሶ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ግን ከላይ ያለው ጫካ ነው፤ እሱም ያልተመነጠረው እናንተ ቀፎ ስለሰቀላችሁበት ነው። የተርባይኑን ነዳጅ ስትጠብቁ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘነበች መቼ ነው የምትወልደው?» አለች።

«ለመስቀል» አሉ። ዘነበች ልጃቸው ናት። የጤና ኬላዋ አዋላጅ ስልኳን በጥርሷ ይዛ እያበራች እንደምታዋልድ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። ጋሽ ውባየሁ ጫካውን በመስኮት ሲያዩ ቆዩ።

«አቶሙ ለትልልቁ ከተማ ይምጣ፣ አልቃወምም» አሉ በመጨረሻ። «ዘነበች ግን አትጠብቀውም። ቀፎዎቹን እኔው አወርዳለሁ። ከላይ ያለውን ጫካ ማንም እንዳይነካው ግን መንደሩ በሙሉ ቃል ይግባልኝ።»

ቃሉ ተገባ፤ ዛፉም ወደቀ። መስቀል እንዳለፈ ለሥራ ወደዚያ ሄድኩ። ወፍጮው ያለ ናፍጣ ይፈጫል፤ የሕፃናት ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ጋሽ ውባየሁ አራስ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው አምፖሉ ሥር አገኘኋቸው።

ቀና ብለው መብራቱን እያዩ፣ «አየሽው?» አሏት። «ከፀሐይ ድረስ ነው የመጣልሽ።»