የእህታቸው ልጅ ፊልም

በደርግ ጊዜ ነው፤ ለንደን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከካምደን ወደ ሆሎዌይ በሚሄደው አውቶቡስ አንድ ጠና ያሉ ሴትና የእህታቸው ልጅ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ከጓደኞቹ ጋር የሠራውን ፊልም አሳይቷቸው መመለሳቸው ነው።

«እትዬ፣ ወደዱት?» አላቸው።

«መንገዱ በዛብኝ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ከዚያች አሮጌ መኪና መቼ ይሆን ወርደው የሚያርፉት እያልኩ እኔ ደከመኝ።»

«የሚያርፉበት ቤት የላቸውማ። ቤተሰቦቻቸው አባረዋቸዋል።»

«ለምን?»

«ስለሚዋደዱ።»

«እሱንስ አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ። ታሪኩን ማን ጻፈው?»

«እኔና ፒተር።»

«አብሮህ የሚኖረው ፒተር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታሪኩ የእናንተ ነው?»



«መኪና የለንም እንጂ፣ የእኛ ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ለእማዬ ሊነግሯት ነው?» አላቸው።

«እናትህ ወንድምህን ደርግ ከወሰደባት ወዲህ በየደብዳቤዋ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹ልጄ እዚያ አገር ብቻውን ነው ወይ?› ትለኛለች።»

«ምን ብለው ይመልሱላታል?»

«እስከ ዛሬ የምለው ጠፍቶኝ ነበር። አሁን ብቻውን አይደለም ብዬ እጽፍላታለሁ።»

ወጣቱ ቀና ማለት አቃተው።

«ነገ ፒተርን ይዘኸው ና፣ ምሳ እሠራለሁ» አሉት። «በፊልሙ ሁሉ ደረቅ ዳቦ ሲበሉ አንጀቴን በሉት።»

እኔም አማርኛ እንደምሰማ እንዳያውቁብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።