ስቅታ የመሰለ ቃል

እዚህ በሰው አገር፣ ጠዋት ወደ ኢስተን የገበያ ማዕከል በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ወጣት መጽሐፍ ይዛ አንድ ቃል እየደጋገመች ለብቻዋ ታነበንባለች። አጠገቧ ያሉት የማታውቃቸው ሽማግሌ ዘወር አሉና፣

«ስቅታ ያዘሽ እንዴ ልጄ? ውሃ ጠጪበት» አሏት።

«ስቅታ አይደለም ጋሼ፣ ኢቅታ ነው። የህንድ ታሪክ ፈተና አለብኝ። ባለፈው ክላሱን መሃል ላይ ድሮፕ አድርጌው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከወደቅኩ ትምህርቱን ልተወው ነው።»

«ምንድን ነው እሱ ኢቅታ?»

«የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን አገዛዝ አወዳድሩ ነው የሚሉን። በጥንቱ ጊዜ ንጉሡ ግብሩን ራሱ ያስሰበስብና ለሹማምንቱ ደመወዝ ይከፍላል።»

«ደግ። ኋላስ?»

«ኋላ ሱልጣኑ በደመወዝ ፈንታ ለጦር አለቃው መሬት ይሰጠዋል፤ እሱን ነው ኢቅታ የሚሉት። እዚህ ጋ ይምታታብኛል።»

«መሬቱን ጨርሶ ሰጠው?»

«ኧረ ግብሩን ብቻ! ሱልጣኑ ሲያሻውም የጦር አለቃውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል።»

«የኔም ሱፐርቫይዘር እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ጋሃና፣ ነገ ሉዊስ ሴንተር ለሥራ ይልከኛል። የጦር አለቃው ልጅስ ይወርሳል?»

«አይወርስም።»

«ታዲያ ርስት አይደለማ።»

ልጅቷ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ከደነችው።

«ጋሼ! ጉልት ነው እኮ! እንደኛ ጉልት!»

«በይ ሳይጠፋሽ ድገሚልኝ። ጥንት?»

«ደመወዝ!»

«ኋላስ?»

«ጉልት... ማለቴ ኢቅታ!»

«ሂጂ እንግዲህ፣ ታልፊያለሽ። ብቻ ስቅታ ብለሽ እንዳትጽፊ።»

እየሳቀች ወረደች፤ እኔም መውረጃዬ እስኪደርስ ያቺን «ኢቅታ» የምትል ቃል በለሆሳስ ደጋግሜ አልኳት።