የደባርቅ ብርድ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄድ፣ ጣልያን ጥሎት በሄደ የጭነት ማኪና ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ከአንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ጋራ ታወራለች።

«አያ፣ ይኸ ካልሲ ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ ነው። እግራቸው በረዶ ነው፤ ሌሊት ጀርባዬ ላይ ይለጥፉታል።»

«የሴት ነገር። እኔም ባሌን እንዲሁ ነው የማደርገው። የት ተገናኛችሁ?»

«ጥምቀት ለት፣ ቀሐ ወንዝ ዳር። ሎሚ ወረወርሁባቸው።»

«ሸጋ። ደረታቸውን አገኙት?»

«ሳትሁ። እሳቸው ሎሚውን አንስተው ግንባሬን መቱኝ።»

«ኃይለኛ ናቸው።»

«አሁንማ ረግበዋል። ማለዳ እያንጎራጎሩ ጢማቸውን ሲላጩ ነው የምነቃው።»

ማኪናው አንድ ኩርባ ዞረ። ሽማግሌውን ሳል ያዛቸው።

«ጢም?» አለች ሴትዮዋ።

«ጢም» አሉ ቀስ ብለው።

«ብርዱ ነው፣ አያ። የባሌም እናት ደባርቅ ከርመው፣ አብቅለው ነው የመጡ።»

«እኔም ብርዱ ነው እላለሁ።»

«ምነው ታዲያ ከካልሲው ጋራ ምላጭ ያልገዙላቸው?»

ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁት እኔ ልጃገረዷ፣ በነጠላዬ ውስጥ ቀስ ብዬ አገጬን ዳበስሁ።