በባሕር ውሃ የተቀቀለ ንፍሮ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማነው? … ወጋሕታ! እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ። ልደታ ትጠብቅሽ።

— ደህና ነኝ። … ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ። … አላኮረፍኩም! አኩርፋ ስልክ የምታነሳ ሴት የት አይተሻል?

— ሰብለ፣ ወጋሕታ ናት፣ ከጅቡቲ። አንቺ ምንጣፉን ይዘሽ ውረጂ፣ እደርስብሻለሁ። … አይ፣ አንቺን አይደለም፤ ሰብለወንጌልን ነው፣ ጎረቤቴን። ንፍሮውን ግቢ ውስጥ ጥደናል። የብሎኩ ሴት በሙሉ ወጥታለች። ስንዴውን ከአብነት ሰፈር ነው ያስመጣነው፣ ፍሬው ያምራል።

— ሻንጣው? በር ላይ ነው። … አልፈታሁትም። ለምን እፈታዋለሁ? … አዎ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ። «በግንቦት ሙቀት ጅቡቲ ለልብዎ አይሆንም፣ እናቴ።» አሰብ አሥራ ሦስት ዓመት የኖርኩ ሴት መሆኔን ማን ይንገረው? ወንድምሽ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ እሺ እሺ ይላል። አሁን እሱኑ ይዞ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ አምሃ ሁለቱንም ሆነብኝ።

— እሱማ ሊያጽናናኝ ብሎ ባለፈው እሑድ ሰንጋ ተራ ወሰደኝ። አዲሱ መንገድ ዳር ውሃ የሚረጭ ነገር ሠርተዋል፣ መብራት ያለው። «ይኸው እማዬ፣ ውሃ» አለኝ። … ሳቂ አንቺ! እኔ ባሕር ናፍቆኝ፣ ልጁ ቧንቧ ያሳየኛል።

— ታኅሣሥ … እሺ፣ ታኅሣሥ። ሰው ለታኅሣሥ ይድረስ እንጂ። … ምን ክፉ ተናገርኩ? በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለታኅሣሥ ስትቀጥሪኝ … እሺ፣ ተውኩት። አይክፋሽ። በይ ንገሪኝ፣ ታኅሣሥ ስመጣ የት የት ልትወስጂኝ ነው?

— ደሴት? በጀልባ? … ሙሻ። ደስ ይላል። እሺ፣ ከዚያስ? … ምን? … ሻርክ! … አውቶቡስ የሚያክል? … በታኅሣሥ ነው የሚመጣው? ታዲያ እሱ የሚመጣበትን ወር ጠብቀሽ ነው እኔን የጠራሽኝ? … አይናከስም? ማን ነገረሽ፣ እሱ ራሱ? … ፈረንጆቹ አብረውት ይዋኙ፣ የራሳቸው ጉዳይ።

— ሌላስ? … የጨው ሐይቅ። ወጋሕታ፣ ጨው ተከልክያለሁ እኮ! ሽሮ በጨው አምሮኝ ከርሜ፣ አንቺ በመኪና ወስደሽ ጨው ሜዳ መሀል ልታቆሚኝ! … ሳቂ፣ ሳቂ። ሳቅሽ የአባትሽ ነው።

— ቆይ፣ አንድ ነገር መልሺልኝ። ያ የነገርሽኝ የባሕር ዳርቻ … ኮር አምባዶ፣ አዎ። ፊቱ ወዴት ነው? … መዝናኛውን አላልኩሽም። ቆመሽ ባሕሩን ስታዪ ፊትሽ ወዴት ይሆናል? … ማዶ ተራራ ይታያል? … የታጁራ ተራራ። ሰሜን ነዋ! ከዚያ ተራራ አልፈሽ ባሕሩን ይዘሽ ብትሄጂ አሰብ ነው። … እንደማይታይ አውቃለሁ። ይታየኝ አልኩ? ፊቴን ላዙርለት ነው ያልኩት።

— ለአባትሽ ነዋ፣ ለማን ይሆናል? … ታውቂዋለሽ፣ ግን ስሚኝ። ጦርነቱ መጥቶ ተነሡ ስንባል አንቺን አዝዬ፣ አምሃን በእጄ ይዤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በመስኮት አየሁት። ካሕሳይ እዚያ ከተቀበረ ገና ዓመቱ ነበር፣ አፈሩም አልደረቀ። ሾፌሩ አልቆመም። መቃብሩን አንዴ ሳልስም፣ ደህና ሁን ሳልለው ቀረሁ። … ይናፍቀኛል፣ ወጋሕታ። ልደታ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ለዛሬ መድረስ የፈለግኩት ለዚያ ነው እንጂ ለሻርክ አይደለም።

— ሄሎ? … ትሰሚኛለሽ? … የተቆረጠ መስሎኝ። ምንድነው የሚጮኸው? … ነፋስ? የት ነው ያለሽው? … አሁን? እዚያው? … ከኬብሮን ጋር? ልጅቷንም ይዘሽ? … አንቺ ልጅ! ከቅድም ጀምሮ ባሕሩ ዳር ቆመሽ ነው የምታወሪኝ?

— ስልኩን ወደ ባሕሩ አታዙሪው፣ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ። … ቪዲዮም አልፈልግም። ባሕር በመዳፍ አይታይም። አንቺው ንገሪኝ።

— ንፍሮ? ቀቅለሽ ይዘሽ ሄድሽ? ጓለይ፣ የእኔ ልጅ! … እውነትሽን ነው፣ የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ አይበላም። ደጅ ለሌለው ባሕሩም ደጅ ነው። እኛም አሰብ እንደዚያው ነበርን። … ያን ታሪክ? ስንቴ ልንገርሽ? … ለኬብሮን? እሺ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊላት።

— ኬብሮንዬ፣ ስሚ። እኔና አያትሽ ካሕሳይ አሰብ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ልደታ ደረሰ። እሱ ወደቡ ላይ ክሬን ነበር የሚነዳው። እኔ ስንዴና ባቄላ ይዤ ባሕር ዳር ወረድኩ። የሚጠጣ ውሃ እዚያ እንደ ልብ አይገኝም። ያደግሁት ደጋ፣ አዲግራት፤ ባሕር የሚባል አይቼ አላውቅም። ይህን ያህል ውሃ፣ ያውም ጨው ተጨምሮበት፣ በነጻ ተኝቶ እኔ ውሃ ልግዛ? ብዬ በባሕሩ ውሃ ጣድኩት። … እህ! እናትሽም እንዲህ ነው የምትስቀው። ጎረቤታችን አሚራ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ናት። መጣች፣ ድስቱን አየች፣ አሸዋው ላይ ተንከባለለች። ስቃ ስቃ ሲወጣላት ድስቱን ደፋችው። እኔ ግን ለአያትሽ ቀድሜ ሰጥቼው ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ጨርሶታል። ሳህኑን ዘረጋልኝና «ፀሐይቱ፣ ጨምሪልኝ» አለኝ።

— በይ ስልኩን ለእናትሽ። … ወጋሕታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከንፍሮው አንድ እፍኝ ያዢ። … ጫማሽን አውልቂና ገባ በይ። … ውሃው ይሞቃል? አውቃለሁ፣ ይሞቃል። አሁን ንፍሮውን ከነእጅሽ ባሕሩ ውስጥ ንከሪው። … ደህና አድርገሽ። … ፊትሽን ወደ ተራራው። … በይ ብዪ።

— ወጋሕታ? … ኬብሮን ናት የተፋችው? ልጅ ናት፣ ትትፋ። አንቺስ? … ዋጥሽው? … እንዴት ነው?

— መረረሽ? … ጨው በዛበት ማለትሽ ነው? … አይደለም? እንደ ኮሶ ነው የሚመረው?

— ቆይ … እኔ እኮ ጨው ብቻ የበዛበት ነበር የሚመስለኝ። አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም። አባትሽ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን መረረኝ አላለም። ልደታ በመጣ ቁጥር ንፍሮውን ቀምሶ «የመጀመሪያውን አያክልም» ይለኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር።

— አላለቀስኩም። … እሺ፣ እያለቀስኩ ነው፣ ምን ይሁን? አልቅሼለት አልጠግብም።

— እጅሽ ላይ የቀረ አለ? … ወደ ባሕሩ ጣይለት። «ፀሐይቱ ታኅሣሥ ትመጣለች» በይው። … ምን ያሳፍራል? ሰው ቢያይሽስ? … ጮክ በይ፣ ሩቅ ነው ያለው። … ሄሎ? … ወጋሕታ? አልሽው? … ሄሎ? …

— ተቆረጠ።

— ሰብለ! … መጣሁ፣ መጣሁ። የእኔን ድርሻ ለብቻው አውጪልኝ፣ ጨውም ያዢልኝ። … ብዙ። … ሐኪሙን ከነገ ጀምሮ እታዘዘዋለሁ። ዛሬ ካሕሳይ የበላውን ነው የምበላው።