ዘንዶው ማንን ዋጠ?

ደርግ ንጉሡን ባወረደ በጥቂት ዓመቱ ነው። ከወልዲያ ወደ መርሳ በምንሄድበት ላንድሮቨር ውስጥ፣ አንድ መካኒክ ለባለሱቅ ወዳጁ ስላዋሰው የበራሪ ዘንዶ ተረት መጽሐፍ ይጠይቀዋል።

«እንዴት አገኘኸው?»

«ግሩም ነው! የዘንዶው አበራረር እንቅልፍ ነሳኝ። ግን አንተ ሰውዬ፣ ንጉሥ የበዛበት መጽሐፍ ይዘህ ትዞራለህ? ፍተሻ ቢመጣስ? ‹ንጉሥ› የሚለውን ሁሉ በእስክሪብቶ ሰርዤ ‹ሊቀመንበር› ብዬልሃለሁ።»

«ምን አልክ? እንድታነበው ሰጠሁህ እንጂ እንድታርመው ሰጠሁህ?»

«ካድሬ እጅ ከምትወድቅ ብዬ ነዋ!»

«ለመሆኑ ጨርሰኸዋል?»

«መጨረሻውን አላነበብኩም፤ ቃሏን እየፈለግኩ ብቻ ነው የሰረዝኩ።»

«በማርያም! መጨረሻ ላይ ዘንዶው ንጉሡን ይውጠዋል እኮ! አገሬው እልል ይላል!»

መካኒኩ የባለሱቁን ክንድ ያዘ።

«አሁን ማንን ነው የሚውጠው? ንገረኛ! ስሜን ሽፋኑ ላይ ጽፌበታለሁ እኮ! መጽሐፌን አምጣ!»

«እኔ ጋ የለም።»

«የት ሄደ?»

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር ትናንት ተውሶኝ ሄደ። የዘንዶ ታሪክ ነፍሱ ነው።»

መርሳ የምሄደው ሰውዬ መንገድ አጋማሽ፣ ሲሪንቃ ላይ ወረድኩ።