እንደ ሰፌድ የሚቀል ቸርኬ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጎማ የሚሸከም ነገር ነበር እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም። እኔ ያው ጋሪ ነጂ ነኝ፣ ከቀበሌያችን ዳንግላ እህል ሳመላልስ ነው ያረጀሁት። ታዲያ ልጄ ጌትነት መኪና ገዛና ሰው መጫን ጀመረ፣ እሰይ አልኩ፣ መረቅሁት። ብዙም ሳይቆይ ምን አደረገ? መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ደህናውን የብረት ቸርኬ አራቱንም አውልቆ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም አስገጠመ። አንዱን አነሳሁት፣ በአንድ እጄ እኮ ነው።

«ጌትነት፣ ይኼ ሰፌድ ነው እንጂ ቸርኬ ነው?»

«አባዬ፣ ቁም ነገሩ መቅለሉ ነው። ጎማ ሲቀል መኪናው ይፈጥናል፣ ፍሬኑም ቶሎ ይይዛል፣ ነዳጅም ይቆጥባል» አለኝ፣ እንዲህ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር።

አሮጌዎቹን ከነጎማቸው ተቀበልኩት፣ ሁለቱን ለጋሪዬ ገጠምኩ፣ ሁለቱን ጎተራ ስር አኖርኩ። የጋሪዬ አክስል ከአሮጌ መኪና የተቆረጠ ነውና ልክ ሆኑለት። ፈረሴ ዳማ በመጀመሪያው ቀን ዞር ብሎ አየኝ፣ ከብዶት መሰለኝ።

ታዲያ ባለቤቴን የሺን ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ እጇን ይዤ ነው የምወስዳት። እና የዓይን ሐኪሞች ቆሰበር ከተማ መጥተዋል ተባለ፣ ሰማን ስንል ሊመለሱ አንድ ቀን ቀርቷቸዋል። ጌትነት በማለዳ መጥቶ ጫናት፣ እኔም የገበያ ቀን ነበርና ጤፌን በጋሪ ጭኜ ከኋላ ተከተልኩ። እና ጅረቱ ጋ ስደርስ ምን ልይ፣ መኪናው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ድንጋዩ ያንን አሉሚኒየም ሰንጥቆታል። አልዋሽም፣ በአስፋልት ልጄ እውነቱን ነው፣ መኪናው ሲሄድ አይሰማህም። በእኛ መንገድ ግን ብረት ቢሆን ይጎብጣል፣ ጎሚስታው በመዶሻ ያቃናዋል፣ የተሰነጠቀን ማን ያቃናዋል?

«ትርፍ ጎማህስ?» አልኩት።

«አወጣሁት፣ አባዬ። ለስፒከሩ ቦታ ጠበበኝና...»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። የሺ ውስጥ ተቀምጣ በአዊኛ ትጸልያለች፣ ሲጨንቃት በአዊኛ ነው፣ እና አፌን መልሼ ዘጋሁት። «ና ጋሪዬን ደግፍ» አልኩት። ጤፉን አወረድን፣ ጋሪዬን ድንጋይ አስደገፍን፣ አንዱን ጎማ ፈትተን ለመኪናው አሰርንለት፣ የገዛ ጎማው አይደል፣ ገጠመ። ሄዱ።

እኔ ጤፌን ስጠብቅ ዋልኩ። ስልኩ ኔትወርክ የለው። ደርሳ ይሆን? ሐኪሞቹ ሄደው ይሆን? ዳማን ስንት ጊዜ ጠየቅሁት መሰላችሁ፣ እሱ ሣሩን ይግጣል። ፈራሁ፣ ልጆቼ። እንደገና ሳታየኝ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ። ኋላ በዚያ ሲያልፍ ያገኘኝ ጎረቤቴ ሄዶ ከጎተራ ስር አንዱን ጎማ አምጥቶልኝ ቤቴ ገባሁ፣ ግን እንቅልፍ የለ።

በማግስቱ መኪናው ደጃችን ቆመ። የሺ ሞራው ተገፎላት፣ ፋሻዋም ተፈትቶላት በራሷ ወረደች፣ ማንም ሳይይዛት። እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜአለሁ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ጎማውን ታያለች። ሦስቱ ይብለጨለጫሉ፣ አንዱ ዝጓል።

«ይኼ ነው ስታጣጥለው የከረምከው?» አለችኝ ብልጭልጩን እየዳሰሰች። «ኧረ እንዴት ያምራል።»

«ያደረሰሽ ግን ዝገቱ ነው» አልኳት።

ቀና አለችና ፊቴን አየችው፣ ግንባሬን፣ ሽበቴን፣ ጥርሴ የወለቀበትን ሁሉ፣ ብዙ ቆየች። «እሱማ» አለች፣ «ያንተው ቢጤ ነው።»

እናንተ ትስቃላችሁ። ጌትነትም ስቋል። እኔ ግን ያን ቀን ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ።